ጄሶ የለበሰው የበግ ጭን

ባለፈው ሳምንት ጉልበቴ አስቸግሮኝ ማራኪ ሰፈር ካለ ክሊኒክ ራጅ ተነሣሁ። አንሺዋ ገና ልጅ እግር ናት። ማሽኑ ራሱ መጥኖ የጨረሩን ልክ በቁጥር ጻፈው። "አይፍሩ እማማ፣ ትንሽ ናት" አለችኝ። እኔን አይፍሩ! ሳቄ አመለጠኝ።

በጃንሆይ ዘመን እዚሁ ጎንደር በአንድ ሆስፒታል ራጅ ክፍል ስቀጠር ሃያ ዓመቴ ነበር። አለቃዬ ጋሽ መርሻ ጨረር የሚመጥነው በዓይኑ ነው፤ በሽተኛውን ከላይ እስከ ታች ያየውና ቁልፉን ያዞራል። ሲያንስ ፊልሙ ይነጣል፣ ሲበዛ ይጠቁራል፤ እንደገና ይነሣል። የተበላሸው ፊልም ይጣላል፣ ጨረሩን ግን በሽተኛው ተሸክሞት ይሄዳል። ይሄ ያንገበግበኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሉካንዳ የበግ ጭን ገዛሁ። ጄሶ እየደራረብሁበት፣ ውፍረቱን በእንጨት መለኪያ እየለካሁና በራጅ እያነሣሁ፣ ለየትኛው ውፍረት ስንት ጨረር እንደሚበቃ በደብተር ያዝሁ። ጋሽ መርሻ ድንገት ገብቶ "ምነው፣ ጥብሱን በራጅ ልታበስይው ነው?" ብሎ መሳቂያ አደረገኝ።

ሰኔ ገባ። አያ ደሴ የሚባሉ የቆላ ድባ ገበሬ፣ ጭኗ ተሰብሮ ጄሶ ውስጥ የከረመች ልጃቸውን ጥሩዬን በበቅሎ ይዘው መጡ። ስምንት ዓመቷ ነው። ባለፈው ስትመጣ አራቴ ተነሥታ ነበርና ሐኪሙ ተቆጣ።

"ዛሬ አንዲት ፊልም ብቻ! አጥንቱ መግጠሙ ካልታየ ክረምቱን ከነጄሶዋ ትከርማለች።"

ልጅቷ ጄሶውን በጥፍሯ ትፍቃለች።

ጋሽ መርሻ ቁልፉን ሊያዞር ሲል እጁን ያዝሁት። ድፍረቴ ዛሬም ይገርመኛል።

"መጀመሪያ ልለካት።"

"የሰው ልጅ ሳንቃ ነው እንዴ?"

"ጋሼ፣ ሁለተኛ ፊልም እኮ አልተፈቀደልንም!"

ከቁልፉ ዞር አለልኝ። "እሺ። ከተበላሸ ግን ለአባቷ የምትነግሪው አንቺ ነሽ።"

ከነጄሶዋ ለካኋት፤ ደብተሬን አየሁ፤ ሆዷን ጨረር በማያሳልፍ የእርሳስ ሽፋን ከለልሁ። "እንዳትነቃነቂ የኔ ሸጋ" አልኋትና አነሣኋት። ጨለማ ክፍል ገብቼ ፊልሙን መድኃኒቱ ውስጥ ነከርሁት። አጥንቱ ቀስ ብሎ ብቅ አለ፤ ጥርት ብሎ፣ ግጥም ብሎ!

እልል እያልሁ ወጣሁ። ሆስፒታል ውስጥ እልልታ! አያ ደሴ ሳይነገራቸው ገባቸው፤ "ኧረ ሸጋ! ኧረ ተባረኪ!" እያሉ የሽምብራ ቆሎ ከስልቻቸው በእፍኜ ሞሉልኝ። ጋሽ መርሻ ፊልሙን ወደ መብራቱ አንሥቶ አገላብጦ አየው።

"ለእኔም አንድ መለኪያ አሠሪልኝ" አለ በመጨረሻ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳይለካ የተነሣ ሰው የለም።

ይህን ሁሉ ለዚያች ወጣት ልነግራት አፌ ላይ መጣና ተውሁት፤ ተረኛ በሽተኛ በር ላይ ቆሟል። ጡረታ እስክወጣ ስንቱን እንዳነሣሁ ቁጥሩን አላውቀውም። ዛሬም ደረቴን የሚያስነፉኝ፣ እንደገና ሳላነሣቸው ወደ ቤታቸው የሸኘኋቸው ናቸው። ጥሩዬ የመጀመሪያዋ ነበረች።