ወተት የመሰለው ሽቶ

ትናንት መገናኛ ሱቄ አንዲት ተማሪ ገብታ፣ ለመሞከሪያ ያወጣሁትን ሽቶ አምስት ጊዜ አንገቷ ላይ ነፋች። እንደማትገዛ ያስታውቃል። ግን እንደ ሕፃን ፓውደር ያለው ጣፋጭ ሽታ ሲደርሰኝ ቁጣዬን ዋጥኩ።

የዱባይ ዕቃ ብርቅ በነበረበት ጊዜ፣ አክስቴ ዘሃራ ገርጂ ቤታችን ውስጥ ሽቶ ትሸጥ ነበር። ይህንኑ ሽቶ ለአንዲት ሙሽራ አስመጥታ ብታስቀምጠው፣ እኔ በየጠዋቱ ተቀብቼው ትምህርት ቤት ሄድኩ። ሲጎድል ውሃ ሞላሁበት። ሽቶ ውሃ ሲገባበት እንደሚነጣ ማን ነግሮኝ፤ ጠርሙሱ ወተት መሰለ።

ሙሽራዋ በሠርጓ ዋዜማ ልትወስደው ስትመጣ፣ አክስቴ ጠርሙሱን አየች። ከዚያ አንገቴን አሸተተች።

«አንቺ፣ ሌባ እኮ የሰረቀውን ይደብቃል» አለችኝ። ቀጥላ ወደ ሙሽራዋ ዞረች። «እህቴ፣ አልዋሽሽም፤ ሽቶሽ እዚች ልጅ አንገት ላይ አልቋል። ሚዜ አድርገሽ ውሰጃት፤ አጠገብሽ ስትቆም ይሸትሻል።»

ሙሽራዋ አልሳቀችም፤ ግን ወሰደችኝ። የሠርጉን ቀን ሙሉ ከጎኗ ቆምኩ። ፊቷን ወደ እኔ ባዞረች ቁጥር እያሸተተችኝ ይሁን እየተቆጣችኝ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ተማሪዋ «እትዬ፣ አመሰግናለሁ» ብላ ስትወጣ፣ የማን ሠርግ እንዳለባት ልጠይቃት ፈለግኩና ተውኩት።