አቶ ኬንጂን ፍለጋ፣ ሄሰልቢ ጫካ ውስጥ

ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት፣ ስዊድን ውስጥ ከምኖርበት ሰፈር ከቮርቢ ጎርድ ስነሣ ዓላማዬ አንድ ነበር፤ ጎረቤቴን አቶ ኬንጂን ጫካ ወስዶ በሕይወት መመለስ። ጃፓናዊ ናቸው፤ አርባ ዓመት ሙሉ በየአገሩ ደን ፎቶ ሲያነሡ የኖሩ ሰው። አምና ልባቸው ታሞ ቤታቸው ወድቀው በር ተሰብሮ ነው የተገኙት። እንዲያም ሆኖ መለዋወጫ ቁልፋቸውን ለማንም አይሰጡም። እኔ ደግሞ ሄምሸንስት በሚሉት የቤት ለቤት እንክብካቤ ሥራ በየቤቱ እየዞርኩ አረጋውያን የተንከባከብኩ ሴት ነኝ፤ ሰው ከዓይኔ ሲጠፋ ፍለጋ እነሣለሁ።

በቀዩ የባቡር መስመር ወደ መሀል ከተማ፣ ከዚያ በአረንጓዴው እስከ ሄሰልቢ ሄድን። ሠላሳ አምስት ክሮነር የከፈልኩበት ቡና ሳልጠጣው በረደ። ልጄ "አንቺና ጫካ?" ብላ ስቃብኛለች። እውነቷን ነው፤ ወሎ ጅብ ሲጮህ እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ምን ጫካ ያምረኛል?

ጫካው፣ ረፋድ

ጉም ወርዷል። መሬቱ እርጥብና ለስላሳ ስለሆነ የገዛ እርምጃችን እንኳ አይሰማም። አቶ ኬንጂ ካሜራቸውን ይዘው ጉቶ ላይ ተቀመጡና ቦርሳቸውን ሰጡኝ።

"ቦርሳው ሲንኮሻኮሽ እንስሳ ያባርራል። አንድ ሰዓት ዝም ብዬ ሳልቀመጥ ፎቶ አላነሣም። ሂጂና ተመለሺ" አሉኝ በስዊድንኛ።

"እርስዎን ጥዬ?"

"ጫካ ውስጥ ሁልጊዜ ብቻዬን ነኝ።"

እየከፋኝ ሄጄ መንገድ ዳር አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኬን ፍለጋ በስሕተት የሳቸውን ቦርሳ ብከፍት የልብ መድኃኒታቸው እኔ ጋ ነው! ሮጬ ተመለስኩ። ጉቶው ላይ ባርኔጣቸው ብቻ አለ።

"አቶ ኬንጂ!"

ደግሜ ጠራሁ። በየት በኩል እንደመጣሁም ጠፋኝ፤ ጥዱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ጅብ እንኳ ቢጮህ ደስ ባለኝ። "ያ አላህ፣ ገደልኳቸው" እያልኩ ስሮጥ ከድንጋይ ጀርባ ጫማቸው ታየኝ። በጀርባቸው ተዘርግተዋል፤ አይንቀሳቀሱም። የመድኃኒቱን ዕቃ ከቦርሳው መዥርጬ አወጣሁ። አንገታቸውን ልዳስስ ጎንበስ ስል ካሜራው ቀጭ አለ።

"ሰው ሲጠራዎት አይሰሙም?" አልኩ እያለቀስኩ።

"ሰምቻለሁ። ከላይ ወፍ ነበረች።"

ወደ ቤት

ባቡር ውስጥ ፎቶውን አሳዩኝ። ሻሼ ወልቆ፣ አፌ ተከፍቶ፣ የመድኃኒቱን ዕቃ ጨብጫለሁ፤ ከላዬ ጥዶቹ።

"ያጥፉት፣ አስቀያሚ ነኝ" አልኳቸው።

"አርባ ዓመት ሰው ከፎቶዬ እስኪወጣልኝ ስጠብቅ ኖርኩ" አሉ። "ጫካ ውስጥ ግን ማንም ፈልጎኝ አያውቅም።"

ጫካ አሁንም እፈራለሁ። በፍርሃቴ ማፈሩን ግን እዚያው ትቼው መጣሁ። በራችን ላይ ስንደርስ አቶ ኬንጂ ገብተው ተመለሱና መዳፌ ላይ ቁልፍ አኖሩ።

"ሁለተኛ በር እንዳይሰበር" አሉኝ።