ባለ መቶ መስመሯ ቀለበት

ልብስ ሰፊዋ ባሏን ትወደዋለች፤ የብረት መቅረጫ ማሽኑን፣ ቶርኖውን ግን ዓይኑን ማየት አትፈልግም ነበር። እንዴትስ ትውደደው? ብረት እየቀረጸ፣ ዘይት እያንጠባጠበ ግማሽ ቤቷን የያዘ ጣውንት! ባሏን ሠፈሩ «ሚሊ» ይለዋል፤ የበር ማጠፊያ ሲጠግን እንኳ የሚያወራው በሚሊሜትር ነዋ። ጡረታ ከወጣ ወዲህማ ውሎው ከማሽኑ ጋር ብቻ ሆኗል።

ታዲያ አንድ ቀን የማሽኑ እጀታ ላይ ያለችው ባለ መስመር ቀለበት ተሰበረች። ስለቱ ብረቱን ስንት እንደበላ የምትናገረው እሷ ናት፤ ያለሷ ሚሊ ዕውር ነው። መለዋወጫ የለ፣ ምን የለ።

«ራሴ እሠራታለሁ» አለ።

«ካቃተህስ?»

«ካቃተኝማ ማሽኑን ለቆራሌው እሰጠዋለሁ፤ ክፍሉን አንቺ ውሰጂው።»

አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

መቶ እኩል መስመር ከየት ይምጣ? የእሷን የልብስ መለኪያ ሜትር ተዋሰ። ክብ ጣውላ እየላገ፣ ሜትሩን ሲጠመጥምበት መቶኛው ሳንቲሜትር ዜሮው ላይ እስኪገጥም አስተካከለ። ጣውላውን ከማሽኑ በስተኋላ፣ ቀለበቱን ከፊት፣ አብረው እንዲዞሩ አድርጎ አሰረ። ጣውላው አንድ ሳንቲሜትር በዞረ ቁጥር ቀለበቱ ላይ አንድ መስመር ይጫራል። ያለው ነሐስ አንድ ብቻ ስለሆነ መጀመሪያ በቁራጭ አሉሚኒየም ሞከረ።

ጨርሶ ሲያየው ፊቱ ጠቆረ። «አንቺ፣ እስኪ እይልኝ። መስመሮቹ እኩል አልሆኑም፤ ምን እንደነካቸው እንጃ።»

ዝም ብትል እኮ ክፍሉ የሷ ነው! ሳቋ ግን ቀደማት።

«ኧረ አንተ ሰውዬ! ይኼ ሜትር የሠፈሩን ወገብ ሲያቅፍ የኖረ ነው። እስከ ሰባ ድረስ ተለጥጦ አልቋል፤ ከዚያ በላይ ያለውን የነካው ወፍራም ሰው ብቻ ነው።»

አንዴ አምልጧት ወጣ፤ ምን ታድርግ? ደግሞም መለኪያ ሲዋሽ እያዩ ዝም ማለት አልሆነላትም። ከላስቲኩ ያልወጣ አዲስ ሜትር ራሷ አመጣችለት። እሱም ጣውላውን በልኩ እንደገና ላገውና ነሐሱን አሰረ። እሷ ቁጥሩን እያስተካከለች «በል» ትላለች፣ እሱ ይጭራል። መጨረሻው ላይ ሁለቱም ቀለበቱ ላይ አጎነበሱ። መቶኛው መስመር ሲጫር፣ በሱና በመጀመሪያው መካከል የቀረው ክፍተት ከሌሎቹ ጋር ልክ ሆነ። እሰይ!

ቀለበቷን ገጠመ፣ ማሽኑን አስነሳ፣ አንድ መስመር ብቻ አዞረና ከብረቱ የወጣችውን ቅርፊት መዳፏ ላይ አኖረላት። ታያታለች እንጂ ክብደቷ አይሰማትም። ተጠግታ ልታያት ስትል ትንፋሿ ይዟት በረረ። አቤት! ከግድግዳው ማዶ ማሽኑ ሲያጉረመርም ስትራገም ኖራ፣ ለካ ባሏ የሚሠራው ይኼን ነው?

«እንግዲህ ክፍሉ አመለጠሽ» አላት፣ እንደማፈር ብሎ።

«የምን ክፍል?» እንባዋ መጣ። «እስከ ዛሬ ለምን አላሳየኸኝም?»

በርጩማ ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። «በል፣ ድገመው።»