ስምንተኛው ክፍል

ከባለቤቴ ጋር በሰላም የሠራነው የመጨረሻ ሥራ መጽሐፍ ማናፈስ ነበር። መርሳ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ሰሌን ዘርግተን እሱ ከቆርቆሮ ሳጥኑ አንድ በአንድ ያወጣል፤ እኔ ብል እንዳይበላቸው የኒም ቅጠል አደርግባቸዋለሁ። የእንግሊዝኛ መምህር ነበር። የሚሰበስበውም የድሮ እንግሊዞች በየወሩ በክፍል በክፍል ያሳትሙት የነበረ የአደን ልብ ወለድ ነው። ቀይ ኮት የለበሱ ሰዎች በፈረስ ቀበሮ ሲያሳድዱ፣ አጥር ሲዘሉ፣ ጭቃ ላይ ሲወድቁ የሚያሳዩ ሥዕሎች አሉት። የመጀመሪያውን ክፍል ሲሪንቃ እርሻ ምርምር ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ሰጠው። የቀሩትን ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮችና ከዘመድ እጅ ሲለቅም ዓመታት ፈጀ። አሥራ ሁለቱ የሞሉ ዕለት በግ አረድን።

እያንዳንዱን በካኪ ወረቀት ጠቅልሎ ቁጥር ጽፎበታል። ስምንተኛውን ግን ቀድሜ አነሣሁት፤ ውስጡ ሌላ መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። መብራት በጠፋ ሰሞን፣ እሱ ወልድያ በዋለበት ቀን፣ ዝናብ የነካው ከሰል አልያያዝ ቢለኝ ከካኪው ወጥቶ መደርደሪያው ላይ ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ ቀድጄ ለኮስሁ። የፈረሱን እግር ያየሁት ከነደደ በኋላ ነው። በካኪው ውስጥ ስለ ማሽላ አዘራር የሚናገር ትንሽ ጥራዝ ጠቀለልሁና ዝም አልሁ።

ከተማውን የያዙት ታጣቂዎች የመጡት ቅጠሉን አድርገን ሳንጨርስ ነው። የመገናኛ ሬዲዮ ይፈልጉ ነበር። ሬዲዮውን ሲያጡ ሳጥኑን አነሡ፤ ሁለታችንንም ወሰዱን።

እኔን ያስገቡኝ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ወለሉ የማሽላ ብናኝ ነው፤ የነቀዝ መድኃኒት ሽታ ጉሮሮ ይይዛል። ሦስት ሴቶች ነበሩ። አንዷ ፈቀቅ ብላ የጆንያዋን ጫፍ አካፈለችኝ። የበሩ ብረት በተንቀሳቀሰ ቁጥር አራታችንም ወደ ግድግዳው እንጠጋለን። ዱዓ ላደርግ ብል ጆሮዬ በሩ ላይ እየሆነ ቃሉ ተዘበራረቀብኝ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጠሩኝ። ባለቤቴ ባዶ እግሩን ቆሟል። ጠያቂው ካኪዎቹን ፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ደርድሯቸዋል። ወጣት ነው፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ይበልጥ ያስፈራኝ ይኸው ነበር።

«መምህር፣ ስንት ናቸው ነው ያሉኝ?»

«አሥራ ሁለት። ወላሂ፣ ሁሉም አሉ።»

የማሽላውን ጥራዝ አነሣ። «ይኼስ ምንድን ነው? ዋናውን ለማን ሰጡት? ምን ጻፉበት?»

ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ የጥራዙን ርዕስ ደጋግሞ አነበበ። በከንቱ ምሎ የማያውቅ ሰው ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ውሸት ተገኘበት የተባለ ሰው በእግሩ እንዳልወጣ ሴቶቹ ነግረውኝ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልሁ። «ከሰል አያያዝሁበት።»

«ባልሽ ሳያውቅ?»

«ፈርቼው ደበቅሁት።»

«እኛንስ አትፈሪም?»

«እፈራለሁ።»

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ። የት እንዳለን የረሳ መሰለኝ።

«ሥዕሎቹንም?» አለኝ።

«ሥዕሎቹንም።»

ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ጠያቂው የማሽላውን ጥራዝ ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠ። ከዚያ በሩ ላይ ለቆመው ጠባቂ፣ «ይኼ ሰላይ አይደለም፤ ሐዘንተኛ ነው» አለው።

ጠባቂው ጥራዞቹን በክንዱ ጠርጎ መሬት ላይ ጣላቸው። ባለቤቴ ተንበርክኮ ይለቅማቸው ጀመር፤ የጫማ አቧራውን በእጅጌው እየጠረገ ከአንድ ጀምሮ ደረደራቸው። ጠባቂው፣ «አባባ፣ ቶሎ በሉ» አለው።

«ሦስተኛው ከአራተኛው ይቀድማል፣ ልጄ» አለና ሳይቸኩል ጨረሰ።

እኔን የዚያኑ ዕለት ለቀቁኝ፤ እሱን አሥር ቀን አቆዩት። ሳጥኑን ተሸክሞ ቤቱ ገባ። የስኳር መድኃኒቱ ግን አልቆ ነበር፤ በየፋርማሲው ብዞር አጣሁ። በጦርነቱ የተዘጋው መንገድ ሳይከፈት አረፈ። ከመሞቱ በፊት አንድ ቀን፣ «ይህን ያህል አስፈራሽ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ ሳልሰጠው እንቅልፍ ወሰደው።

ሰው ያጠፋውን ለሚወደው ከመናገር ይልቅ መሣሪያ ለያዘ ሰው መናገር እንዴት እንደሚቀለው እስካሁን አልገባኝም። ፍርሃቱም አልለቀቀኝም፤ ወደ እስር ቤት በር ስቀርብ ልመለስ ልመለስ ይለኛል። ቢሆንም ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ጠያቂ ለሌላቸው እስረኞች ምግብ አደርሳለሁ። የየትኛው ወገን እንደሆኑ አልጠይቅም።