የባሌ ልጅ ሆኜ የዋልኩበት ቀን

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ የባለቤቴ ሙት ዓመት ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። እሱ ካረፈ ወዲህ ያሉትን ቀናት አንዱን ከሌላው መለየት ያቅተኛል። ያን ቀን ግን አልረሳውም፤ በጥቁር ልብስ ሆኜ የሳቅሁበት ቀን ስለሆነ። ሐዘንተኛ እንዴት ትስቃለች እንዳትሉኝ፣ ከመጀመሪያው ልጻፈው።

እኔ በጣም ትንሽ ሴት ነኝ። አጭር ብቻ ብሆን ደግ ነበር፤ አጥንቴም ቀጭን ነው። እንጅባራ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት በጸሐፊነት እሠራለሁ። አዲስ የመጡ ተማሪዎች «ስንተኛ ክፍል ነሽ?» ይሉኛል። የባጃጅ ሾፌሮች «ሚጣ፣ ጠጋ በይ» ብለው ወፍራም ሰው አጠገቤ ይጭናሉ። ይህን ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት ልብስ መግዛት ነው። የሴት ቀሚስ ትከሻው ክርኔ ላይ ይወርዳል። የልጅ ቀሚስ ልኬ ነው፤ ደረቱ ላይ ግን ወይ ጥንቸል ወይ ቢራቢሮ አይጠፋም። ጥንቸል ለብሶ ለቅሶ ቤት አይኬድም።

ከዚህ ጣጣ ያሳረፈኝ ባለቤቴ ነበር። የእንስሳት ሐኪም ስለነበረ ገበሬው ሁሉ «ዶክተሩ» ነው የሚለው። ጥሊሊ፣ አዘና፣ ዳንግላ እየዞረ ከብት ያክማል። ከዳንግላ ሲመለስ አልፎ አልፎ በፌስታል ቀሚስ ይዞ ይመጣል። ልኬ ነው፤ ጥንቸል የለው፣ ቢራቢሮ የለው። «ከየት አገኘኸው?» ስለው «ከመነኸሪያው ጀርባ አንዲት ሴትዮ አለች» ይልና ወሬ ይለውጣል።

ሲሞት ቀሚሶቹን ከል አስነከርኳቸውና ዓመቱን ሙሉ እነሱን ለበስኩ። በእኛ ዘንድ በሙት ዓመቱ ዕለት ሽማግሌዎች ሚስትየዋን «ይበቃሻል» ብለው ከሉን ያስወልቋታል፤ የባል ዘመዶች አዲስ ልብስ ያለብሷታል። የባሌ ታላቅ እህት እትየ አለምነሽ ለዚህ ብላ ቀሚስ አሰፍታ መጣች። እሷ ግዙፍ ሴት ናት። ልኬን ስላላወቀች በራሷ ገላ አስለክታዋለች። ስለብሰው እጄም እግሬም ጠፋ።

«በስመአብ!» አለች። «አንቺ ልጅ፣ የት ገባሽ? በይ የሚሆንሽን ራስሽ ፈልጊ፤ ማልበሱን እኛ እናለብስሻለን።»

ጭንቅ ያዘኝ። በዚያ ቀን በሰው ሁሉ ፊት ስቆም የእሱን ሚስት መምሰል ነበር የምፈልገው። የእናቷን ቀሚስ ለብሳ የምትጫወት ልጅ መስዬ እንዴት እቆማለሁ? በማግስቱ በሚኒባስ ዳንግላ ወረድኩ።

ከመነኸሪያው ጀርባ ጠያይቄ ያገኘሁት የልጆች ልብስ ቤት ነው። ባለቤቷ እትየ ብርቄ ትባላለች። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ተቀምጣለች። መብራት ጠፍቶ ሱቁ ጨልሟል። እኔ ደግሞ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤያለሁ።

«ነይ ሚጣ» አለችኝ። «ማን ላከሽ?»

ላርማት አፌን ስከፍት፣ እሷ ጎንበስ ብላ የቀሚሴን ጠርዝ ገለበጠች። ጨርቁ ጠቁሯል፤ የተሰፋበት ክር ግን ከሉ አልያዘውም፤ እንደ ቀላ ቀርቷል። መነጽሯን ወደ ዓይኗ አወረደች።

«ይህማ የእኔ ስፌት ነው! የዶክተሩ ልጅ ነሽ እንዴ?» ከዚያ ጥቁሩን አየች። «ምነው? አባትሽን ምን ነካው?»

«ሞተ» አልኩ።

ጩኸቷን ለቀቀችው። ከጎን ካሉት ሱቆች ሁለት ሴቶች ሮጠው መጡ። «የዶክተሩ ልጅ ናት፤ አባቷ ሞቶባት!» እያለች ደረቷን ትመታለች። በዚህ መሃል «ሚስቱ ነኝ» ማለት እንዴት ይቻላል? ልቤም አልፈለገም። ስለ እሱ አዲስ ነገር ከሰማሁ ዓመት ሊሆነኝ ነው።

በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ።

«እንዴት ይወድሽ ነበር!» አለች እትየ ብርቄ ዓይኗን እየጠረገች። «ቢራቢሮውን ሳነቅል፣ ጠርዙን ሳስረዝም ቆሞ ነው የሚጠብቀኝ። ልጄ ቁም ነገረኛ ናት፤ ቢራቢሮ ይዤ ብሄድ ታባርረኛለች ይላል።»

«የእናቷንስ ጉድ!» አለች አንደኛዋ ጎረቤት።

«አዎ፣ እናትሽ! ለሚስትህስ አትገዛም ወይ ብለው፣ ለእሷ አንድ ጣቃ ጨርቅ አይበቃትም አለኝ። በር የምትገባው በጎን ነው፤ ስትቆጣ አልጋ ሥር ነው የምደበቀው አለኝ። በሬ አስሮ የሚወጋ ሰውዬ! እውነት ነው ልጄ?»

«በጎን ነው የምትገባው» አልኩ።

ከዚያ ወዲያ አልቻልኩም። የነጠላዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ሳቅሁ። ትከሻዬ ይንቀጠቀጣል። ሴቶቹ ከበው ጀርባዬን ይደባብሱኛል፤ «አልቅሺ የኔ እናት፣ ይውጣልሽ!» ይሉኛል። ሳቁ የቱ ጋ እንዳለቀ አላውቅም። ቀና ስል ነጠላዬ በእንባ ርሷል።

ሙት ዓመቱ ደርሶ ከሌን የምቀይርበት ልብስ ፍለጋ መምጣቴን ስነግራት እትየ ብርቄ አረንጓዴ ቀሚስ አወረደች። ቢራቢሮውን በምላጭ ፈታች፤ ጠርዙን አስረዘመች። ልኬ ሆነ። ደስ ብሎኝ ልወጣ ስል እጄን ያዘችኝ።

«ሙት ዓመቱ መቼ ነው? እናትሽን ሳላጽናና አልቀርም።»

ቀኑንና ቤቱን ነገርኳት። ምን ልበል?

እስከዚያ ቀን ድረስ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሐዘን ቀለደችብኝ ብላ በሽማግሌዎች ፊት ብታዋርደኝስ? ያ ሁሉ የደከምኩለት ቀሚስ ምን ሊረባኝ ነው?

ዕለቱ ደረሰ። ከጓዳው በር ሆኜ ሳይ፣ እትየ ብርቄ ከሁለቱ ጎረቤቶቿ ጋር ድንኳኑ ውስጥ ገባች። ሰዉን በዓይኗ አሰሰችና በቀጥታ ሄዳ እትየ አለምነሽ ላይ ተጠመጠመች።

«አይዞሽ እህቴ! ሁልጊዜ ስላንቺ ነበር የሚያወራኝ። እንዴት ይፈራሽ እንደነበር!»

እትየ አለምነሽ ግራ ገባት። «እኔን? ወንድሜ እኔን ይፈራ ነበር?» ብላ ለቅሶዋን እንደ አዲስ ጀመረች።

«ወንድሜ?» አለች እትየ ብርቄ፣ እንዳቀፈቻት።

ወዲያው ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ባለቤቱ ትምጣ» አሉ። የባሌ ዘመዶች ጓዳ ውስጥ ከሉን አስወልቀው አረንጓዴውን አልብሰውኝ ነበርና፣ ፊቴን ሳልሸፍን ወጣሁ። «ይበቃሻል ልጃችን» አሉኝ። ሁሉም መረቁኝ። እኔ ግን ምርቃቱን አልሰማሁም። እትየ ብርቄ መነጽሯን አድርጋ ታየኛለች።

ምርቃቱ ሲያልቅ ወደ እኔ መጣች። ስድቡን ጠበቅሁ። ጆሮዬ ጋ ጎንበስ አለች።

«በጎን የምትገቢው አንቺ ነሽ?»

«ይቅርታ እትየ።»

«ምን ይቅርታ አለው! ያታለለኝ እሱ ነው። በይ ዙሪ።» ዞርኩ። ከኋላ አየችኝና ራሷን ነቀነቀች። «ለሚስት መሆኑን ቢነግረኝ ኖሮ ወገቡን እንዲህ አልተወውም ነበር።» ከነጠላዋ ጠርዝ መርፌ አወጣች። እዚያው እንደቆምኩ ወገቤ ላይ ቀሚሱን ሰበሰበችው።

ሐዘኔ አሁንም አልለቀቀኝም። የሚቆጨኝ ያን ቀልድ ከእሱ ጋር አብረን አለመሳቃችን ነው። ልብስ ባያስፈልገኝም ዳንግላ እወርዳለሁ። እትየ ብርቄ እሱ የነገራት ሌላም ብዙ ውሸት አላት፤ በሄድኩ ቁጥር አንድ ትነግረኛለች። ሁሉንም ቶሎ እንዳትጨርስብኝ ለምኛታለሁ።