የወንድሜ የበረዶ ሣጥን

ታላቅ ወንድሜ ከሞተ በኋላ፣ ቆቃ ሐይቅ ላይ ዓሣ ያጠምድባት የነበረችው ጀልባ ባለቤት፣ አንድ ሽማግሌ፣ በእሱ ቦታ ሊቀጥሩኝ ተስማሙ። ግን መጀመሪያ አንድ ቀን አሠራሬን ሊያዩ ፈለጉ።

ለዓሣው ማቆያ የሚሆነውን በረዶ እንደ እሱ ከአቃቂ ገዛሁ። በሰጋቱራና በጆንያ ሸፍኜ በባቡር እስከ ሞጆ፣ ከዚያ በመኪና ወሰድኩት።

ዓሣ በተያዘ ቁጥር ሆዱን አጽድቼ በወንድሜ ሣጥን ውስጥ ከሥሩም ከላዩም በረዶ አደረግኩ። ቀኑን ሙሉ ወንድሜ ከኋላዬ ሲተነፍስ ይሰማኝ ነበር። መዞር ፈራሁ። ከሣጥኑ ሥር ያለውን የውሃ መውረጃ ቀዳዳ ደግሞ በጨርቅ ወተፍኩት። የቀለጠው ውሃም ቀዝቃዛ ነው፤ ማፍሰሱ ብክነት መሰለኝ።

ዳር ስንደርስ ሽማግሌው ክዳኑን ከፈቱ። ከታች ያለው ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ደም በቀላቀለ ውሃ ተዘፍዝፎ ለስልሷል፤ መሽተትም ጀምሯል።

«ዓሣ ነው ወይስ ሾርባ?» አሉኝ።

«ይቅርታ አባባ። ወንድሜ ቢሆን ኖሮ…»

«ወንድምህማ በመጀመሪያ ቀኑ ይህንኑ ነው ያደረገው! ሳምንት አኩርፌዋለሁ።»

ወንድሜ ይህን ነግሮኝ አያውቅም። ስለ ሥራው ሲያወራኝ ተሳስቶ የሚያውቅ አይመስልም ነበር።

«ነገ ቀዳዳውን እንዳትደፍነው» አሉና ሄዱ።

ነገ በማለታቸው እፎይ አልኩ። ሣጥኑን ሳጥብ ግን ሌላ እጅ አብሮኝ የሚያጥብ ይመስለኝ ነበር።