ያሳሳሁት አፈሙዝ
አባቴ «ቀጥቃጭ ሆነሃል» ብለው ካኮረፉኝ ጀምሮ አዲሱ ገበያ ያለውን የቶርኖ ቤቴን ደጃፍ ረግጠው አያውቁም ነበር። ቶርኖ በመብራት ብረት እያዞረ የሚቆርጥ ማሽን ነው ብዬ ባስረዳቸው «ብረት የነካ ያው ቀጥቃጭ ነው» ይሉኛል። ለጉለሌ ሰው ሁሉ ልጅ የለኝም ብለው አወሩ። እኔም አባት የለኝም አልኩ፤ ተካካስን።

በደርግ ጊዜ ነው። አንድ ቀን የአደን ጠመንጃቸውን በጋቢ ጠቅልለው መጡ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«አፈሙዟ ከብዶኛል፤ አሳሳልኝ።»

«ቀጥቃጭ ቤት ምን እግር ጣለዎት?»

ነገሩ ወዲህ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር «ጠመንጃውን ደግኖ ሳይንቀጠቀጥ መቆም ያልቻለ ሽማግሌ ለአብዮት ጥበቃ ያስረክብ» ብሎ በስብሰባ ለፍልፏል። ይሄ ሰውዬ አባቴን በአጥር ነገር ጥርሱን ነክሶባቸው ነበር። የአባቴ ክንድ ደግሞ ዝሏል። ያቺ ጠመንጃ ከሄደች እሳቸውም እንደማይሰነብቱ አውቃለሁ።

ባልወድም ተቀበልኩ። ጥይቱ የሚቀመጥበት ቦታ ከሳሳ ተኳሹ ፊት ላይ ይፈነዳል፤ እሱን አልነካሁትም። ወደ አፏ ያለውን ብቻ፣ ብረቱ እንዳይግል ዘይት እያንጠባጠብኩ፣ በስሱ በስሱ ላጥኩት። አባቴ ከራስጌዬ ቆመው «ቀስ በል አንተ! በግ መሰለችህ የምትገፍፋት?» ይሉኛል።

«ካላመኑኝ ይዘዋት ይሂዱ!» ብዬ ጮህኩ።

አልሄዱም። ስጨርስ አንስተው ወደ እንጦጦ አነጣጠሩ፤ ክንዳቸው ንቅንቅ አላለም።

«ደህና ነው» አሉ።

ወይ ጉድ! ከአባቴ አፍ ለኔ ሥራ ደህና ነው የሚል ቃል ሲወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እንደተናደድኩ ደስ አለኝ።

ሊቀመንበሩ ሽማግሌዎቹን ሊፈትን በቀጠረው ቀን ቀበሌ አብሬያቸው ሄድኩ። ሊቀመንበሩ እጃቸው ሲወድቅ ለማየት ቋምጧል። አባቴ ደገኑ፤ ቀጥ አሉ። የሰፈሩ ሰው «እሰይ!» ሲል የሰውየው ፊት ጠቆረ።

«እስቲ ልያት» ብሎ ተቀበላቸው። ከፍ ዝቅ አደረጋት፤ ትከሻው ላይ አንጠለጠላት።

«እንዴት ትቀላለች ባካችሁ! ለኔ ተለክታ የተሠራች ነው የምትመስለው» አለና ይዟት ቢሮው ገባ። ልከተለው ስል በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ ክላሹን ደረቴ ላይ አዞረው።

አባቴን እስከ ቤታቸው ድረስ ሸኘኋቸው። ደጃቸው ስንደርስ ዞረው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«እንደከበደች ብትቀር ኖሮ ማን ይመኛት ነበር?» አሉና በሩን ፊቴ ላይ ዘጉት።